የጭስ ማውጫው ክዳንና አማቴ

አማቴን አልወዳቸውም ነበር። አሁን ሞተዋልና ነፍስ ይማር እላለሁ፤ ግን ነፍስ ይማር ማለት ሌላ፣ መውደድ ሌላ ነው። እሳቸውም እኔን አይወዱኝም ነበር፤ ያውም እኔ በሆዴ የያዝኩትን እሳቸው ለጎረቤቱ ሁሉ ያወሩት ነበር። እዚህ ላይ አንቱ እያልኩ የማወራው ለእሳቸው አስቤ እንዳይመስላችሁ፤ ያሳደገችኝን እናቴን እንዳላሰድብ ብዬ ነው። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከበለሳ ተነስተን በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ስንወርድ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ባሌ መሐል ሆኖ ነው የተጓዝነው። ውሃ ሲጠማቸው እኔን አይጠይቁም፤ ልጃቸውን «ያችን ልጅ ቅሉን አምጪ በላት» ይሉታል። እኔ እዚያው ቆሜ እየሰማሁ ማለት ነው።

መንገድ ላይ ልጄ ሞተች። የመጀመሪያ ልጄ ነበረች፤ ገና ዳዴ ማለት የጀመረች። ቆላው ውስጥ አንድ ግራር ሥር ቀበርናት፤ ባሌ በዱላውና በእጁ ነው የቆፈረው። አፈሩ ገና ሳይመለስ አማቴ ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው «ከደረቅ ጡት ምን ይጠበቃል» አሉ። ለማንም የተናገሩ አይመስልም፤ ግን እኔ እንድሰማ ነው ያሉት። እህል ያልቀመሰች እናት ወተት ከየት ታመጣለች? እሳቸውስ ቢሆኑ ከየት ያመጡ ነበር? ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠላኋቸው።

ኡም ራኩባ ካምፕ ስንገባ ጠዋት ጠዋት ከየድንኳኑ ሬሳ ይወጣ ነበር። ከዚያ ያወጣን ገዳሪፍ ከተማ ዳቦ ቤት የነበረው አንድ የጎንደር ሙስሊም ነው። ለአገሩ ሰዎች ዳቦ ጭኖ መጥቶ ከባሌ ጋር ወሬ ሲጀምሩ ያባቶቻቸው አገር ተቀራረበ፤ እሳት የሚማግድለት ሰው ጥሎት ሄዶ ነበርና ሦስታችንንም ይዞን ሄደ። ለጽድቅ ነው ያደረገው አልልም፤ ሠራተኛ አጥቶ ነው። ቢሆንም ከሬሳው መሐል አውጥቶናልና ያን አልክደውም። ከምድጃው ጀርባ ያለችውን ጠባብ ክፍል ሰጠን። ባሌ ጥቂት ጊዜ እሳቱን ከያዘ በኋላ ለእርሻ ሥራ ወደ ቁረይሻ ወረደ። እሳቱ ለእኔ ተረፈኝ፤ አማቴም ለእኔ ተረፉኝ።

እሱ ከመሄዱ በፊት አርግዤ ነበር። ይህን ያወቅኩ ቀን ደስታና ፍርሃት እኩል ያዙኝ። ይህ ልጅ እንዲኖር እፈልጋለሁ፤ ከዚያ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር። እውነት ለመናገር አማቴም ሌላ አልፈለጉም። አንድ ልጅ ነው ያላቸው፤ እሱም ከእርሻ እንጂ ከቤት የማይገኝ ሆኗል፤ የነበረቻቸውም አንዲት የልጅ ልጅ ግራር ሥር ቀርታለች። በዚህ ብቻ ሐሳባችን አንድ ነበር። ልጁ በምን ይኑር በሚለው ላይ ግን ከጠዋት እስከ ማታ እንነታረካለን። ይህን ብይ፣ ያንን አትብይ፣ እንዲህ አትቀመጪ፣ እንዲያ አትነሺ እያሉ ጨጓራዬን ይልጡታል። ለዚያች ልጅ ጊዜ ያን ቃል የተናገረ አፍ አሁን ለዚህ ልጅ ምክር ሲያወጣ ስሰማ ደሜ ይፈላ ነበር።

ስለ ምድጃው ልንገራችሁ። ሱዳኖች ፉርን ይሉታል። ከጡብና ከጭቃ የተሠራ ትልቅ የዳቦ ምድጃ ነው፤ ጉልላት አለው፤ ሰው አጎንብሶ ቢገባ ውስጡ ይቀመጣል። ጭሱ በኋላው በኩል በቆርቆሮ ቱቦ ጣሪያውን ቀዶ ይወጣል። ቱቦው አናት ላይ ከበርሜል የተቆረጠ ክዳን አለ፤ ከክዳኑ እስከ ምድጃው አፍ ድረስ ሽቦ ወርዷል። ሽቦውን ስበው ችንካሩ ላይ ሲያስሩት ክዳኑ ይዘጋል፤ ሲለቁት ይከፈታል። ክዳኑ ዝናብና አቧራ እንዳይገባ የተሠራ ነው፤ በዚያ አገር አቧራው ሲነሳ ቀኑን ያጨልመዋልና። ባለፉርኑ ያስተማረኝ ትልቁ ሕግ አንድ ነበር። ክዳኑ የሚዘጋው እሳቱ ሞቶ፣ ፍሙ ጠቁሮ፣ አመዱ ነጥቶ ሲያበቃ ብቻ ነው። ፍም ቀይ እያለ ከተዘጋ ጭሱ የማይታይ መርዝ ሆኖ ወደ ቤት ይመለሳል። አገራችን ውስጥ ከሰል መታው የምንለው ያው ነው።

ሌላውን ራሴ ተማርኩት፤ ማን ያስተምረኛል? ማገዶው ጠልሕ የሚሉት ግራር ነው። ደረቁ ሲነድ ደስ ይላል፤ ፍሙም ይቆያል። እርጥቡ ግን ያለቅሳል፣ ይጨሳል፣ ጭሱ ቱቦው ውስጥ ቅጥራን ሆኖ ይለጠፋል። ያ ቅጥራን አንድ ቀን እሳት ከያዘ ቱቦው ራሱ ይነዳል፤ ያኔ አያድርስ ነው። ስለዚህ እንጨት የሚያመጣው ሰው ጋሪውን ሳያራግፍ ሁለት ሁለት እንጨት አጋጭቼ እሰማለሁ። ደረቅ እንጨት ጮኾ ይናገራል፤ እርጥቡ ዱብ ይላል። ዱብ ያለውን መልሶ ይውሰድ እላለሁ። ነጋዴው ይሰድበኛል፤ በዐረብኛ ስለሆነ ግማሹን አልሰማውም፤ የሰማሁትንም እመልስለታለሁ።

ቱቦውን የምጠርገው በእሾህ ነው። የእሾህ ጭራሮ በገመድ አስሬ፣ ከሥሩ ድንጋይ አንጠልጥዬ፣ መሰላል ይዤ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ። ጭራሮውን በቱቦው አፍ አውርጄ ወደ ላይና ወደ ታች ስጎትተው ጥቀርሻው እየተፋቀ ይወርዳል። ከታች ትንሽ በር አለች፤ እሷን ከፍቼ ጥላሸቱን በቆርቆሮ ባልዲ አወጣለሁ። አመድ አታላይ ነው፤ ላዩ ቀዝቅዞ ውስጡ ፍም ይደብቃል። ስለዚህ ውሃ ሳልረጭበት፣ ከሣር አጥሩም ሳላርቅ አልደፋውም። ምድጃው ከጀርባው ተሰንጥቆ ነበር፤ ስንጥቁ በቀጥታ ወደ መኝታ ክፍላችን ነው። እሱን በጭቃና በጭድ እመርገዋለሁ፤ ሲሞቅ ደግሞ ይከፈታል፤ ደግሜ እመርገዋለሁ። ባለፉርኑ ጡቡን አስቀይረዋለሁ፣ አስቀይረዋለሁ እያለ ክረምት ገባ።

ጣሪያ ላይ ስወጣ አማቴ መሰላሉን ይዘው ይቆማሉ። አይዟችሁ፣ ለእኔ አዝነው አይደለም። «ነፍሰ ጡር ጣሪያ ላይ! የማን ልጅ ነሽ? የዝንጀሮ ነሽ?» እያሉ እስክወርድ ይሰድቡኛል። እኔም ከላይ ሆኜ ጥቀርሻው ወደ እሳቸው በኩል ሲበን ብዙም አልጠነቀቅም ነበር። ነጠላቸው ጠቁሮ ሲያዩት ይብሱን ይሳደባሉ። አንድ ጊዜም ቢሆን መሰላሉን ለቀው እንዳልሄዱ ግን እመሰክራለሁ።

የእሳቸው ነገር ዋናው ጭሱ ነበር። ጭስን ወደ ሰማይ የሚደፋ ቤት አይተው አያውቁም። በእሳቸው ቤት ጭስ ሀብት ነው። ጣሪያውን ከምስጥ ይጠብቃል፣ ከላይ የተንጠለጠለውን ዘር ከነቀዝ ያድናል፣ ሣሩንም ያጠነክራል፤ ጭስ ያልገባበት ጎጆ ሁለት ክረምት አይሻገርም ይላሉ። ይህ ቆርቆሮ ነው፣ ምስጥ ቆርቆሮ አይበላም ብላቸው አይሰሙኝም። ሙቀቱ ለአሞራ ሲሄድ እያዩ እህህ ይላሉ። ሕዝብ በረሃብ እያለቀ እንጨት አንድዶ ሙቀቱን ወደ ሰማይ መልቀቅ ጥጋብ ነው፣ እግዜርም አይወደውም ይላሉ። ጥጋብ! እኔና ጥጋብ የት ተገናኝተን እንደሆን አላውቅም።

ስለዚህ ዓይናቸው ከዚያ ሽቦ አይነሳም። ዳቦው ሲወጣ ጠብቀው፣ ፍሙ ገና ቀይ እያለ፣ እጃቸውን ወደ ችንካሩ ይሰዳሉ። ሙቀቱ ለማታው ይቆይልናል ነው የሚሉት። እጃቸውን ይዤ የመለስኩበት ቀን አለ። የአማቴን እጅ መያዜ ነው! አገሬ ቢሆን ሽማግሌ ይቀመጥብኝ ነበር። እኔ እሳቱን ያወቅኩ መስሎኝ እንደተወጣጠርኩ፣ እሳቸው ሳልወለድ እሳት ሲያነዱ እንደኖሩ ነገሩኝ። እውነት ነው፣ ኖረዋል። ግን በፉርን አይደለም።

አንድ ቀን ውሃ ልቀዳ ወጣ ስል የሰሊጥ አገዳ በክንዳቸው ሙሉ አምጥተው ምድጃው ውስጥ ከተቱት። ገዳሪፍ የሰሊጥ አገር ነው፤ አገዳው በየሜዳው ይገኛል። ቦግ ይላል፤ ግን ክብደት የለውም፤ ፍንጣሪው በቱቦው ሽቅብ ይበራል። እኔ ከውሃ ስመለስ ከቱቦው አናት ላይ እሳት እንደ ጠገበ በሬ ያጉረመርማል። ፍንጣሪው የጎረቤታችን የሣር ጣሪያ ላይ ወድቆ ጀምሮት ነበር። ጎረቤታችን ሱዳናዊት ናት፤ ሥራዋ አዋላጅነት ነው፤ እነሱ ዳያ ይሏታል። ቶሎ ደርሳ በእርጥብ ጆንያ መትታ አጠፋችው። ሣሩ ትንሽ ጠቁሮ ቀረ እንጂ የከፋ ነገር አልደረሰም።

ባለፉርኑ ያን ቀን አበደ። ቱቦው አፍ ላይ እንደ ወንፊት የሆነ ሽቦ አሠራ፤ እሱም ጥቀርሻ እየያዘ ስለሚደፈን ለእኔ ሌላ ሥራ ተጨመረብኝ። ከዚያ እኔንና አማቴን አቁሞ ፈረደ። እሳቱ የልጅቱ ነው፣ ሐጃ ከፊት ባለው መሸጫ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው ዳቦ ይጠብቃሉ፣ ወደ ምድጃው ዝር እንዳይሉ አለ። ሱዳኖች ትልቅ ሴት ሲያከብሩ ሐጃ ይላሉ፤ እሱም እዚያው አድጎ ለምዶታል። አማቴ የማተባቸውን ክር ከአንገታቸው አውጥተው አሳዩትና ሄዱ። ከዚያ ወዲያ እሳቱን ነጠቀችኝ ብለው ለሰው ሁሉ ከሰሱኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልደብቅም።

አሁን ስለ ቋንቋው መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ከዚያ ስለመጣ። አማቴ ከዳያዋ ጋር ተወዳጅተው ነበር። ከእኔ ጋር የማይስቁት ሴትዮ ከእሷ ጋር በምልክት ሲስቁ ይውላሉ። ሱዳናዊት ሚስቶች ገላቸውን ጭስ ይታጠናሉ፤ ጉድጓድ ቆፍረው የጠልሕ እንጨት ያጨሱና በላዩ ተከናንበው ይቀመጣሉ። ዱኻን ይሉታል፤ ጭስ ማለት ነው። ዳያዋ አማቴን ለቁርጥማትዎ ብላ አስቀመጠቻቸው፤ ቁርጥማቱ ለቀቃቸው መሰለኝ፣ በየሳምንቱ ይሄዱ ጀመር። ይኸው ጭስ መድኃኒት ነው፣ እዚህም ያውቁታል እያሉ በእኔ ላይ ተመጻደቁብኝ። ዱኻን የምትለዋን ቃል እንደ ጸሎት ያዟት።

ሱቅን ደግሞ ሱዳኖች ዱካን ይሉታል። ይህን አማቴ አያውቁም። ባለፉርኑ ከእኛ ጋር በአማርኛ ሲያወራ ሱቅ ስለሚል ሌላ ስም ያለው አልመሰላቸውም። ዱካንና ዱኻን፤ ለዐረብ ጆሮ ሰማይና ምድር ናቸው። እኛ አገር ግን ከቤት ለማለት ኸቤት ይባላል፤ ከ እና ኸ አንዱ ባንዱ ቦታ ቢገባ ማንም አይቆጣም። የጎንደር ገጠር ሰው ሁለቱን ቃላት ለይቶ እንዲሰማ መጠበቅ ከንቱ ነው። እኔም ብሆን የለየሁት ቆይቼ ነው።

ቀኑ ዓርብ ነበር። ዝናቡ ሌሊቱን ጥሎ አድሮ ጠዋት አባራ። እኔ ከማለዳ ጀምሮ ወገቤን ይዞኛል፤ ሆዴ ገፍቷል፤ ልጁ ደግሞ ያን ቀን አላርፍ ብሎ ሲላወስ ነው የዋለው። ለከሰዓቱ ዳቦ አዲስ እሳት ማግጄ፣ እንጨቱ ወደ ፍም እስኪወርድ ድረስ ትንሽ ልጋደም ብዬ ወደ ክፍሏ ገባሁ። ክዳኑ ክፍት መሆኑን አይቻለሁ። ወንፊቱንም ጠርጌዋለሁ። ግድግዳው ስንጥቅ ላይ ያለው ጭቃ በሙቀቱ እንደገና ተላቅቆ ነበር፤ ስነሳ እመርገዋለሁ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ናቸው። ባለፉርኑ ሌላ ዓርብ ሱቁን ራሱ ቆልፎ ነው ወደ መስጊድ የሚሄደው። ያን ቀን ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ሰዓቱ ረፈደበትና የመስጊዱን ድምፅ ሲሰማ ጫማውን እያጠለቀ ሮጠ። ሲቸኩል አማርኛው ይጠፋዋል። ከመንገዱ መሐል ዞሮ «ያ ሐጃ፣ አግፍሊ አድዱካን» ብሎ ጮኸ። ሱቁን ይዝጉ ማለቱ ነበር። አግፍሊ ማለት ዝጊ መሆኑን አማቴ ያውቃሉ። ዱኻንንማ ከማን ያንሳሉ!

ምን ያህል ደስ እንዳላቸው ይታየኛል። ባለቤቱ ራሱ፣ በገዛ አፉ፣ ጭሱን ይዝጉ ብሎ አዘዛቸው። ይኸው እሱም ገባው ብለዋል፣ በእርግጠኝነት ብለዋል። ከተከለከሉበት ምድጃ በክብር ተመልሰው ሽቦውን ሳቡና ችንካሩ ላይ ደህና አድርገው አሰሩት። ፍሙ ቀይ ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራቸውን የጨረሱ ሰው ሆነው ግቢው ውስጥ ራኩባው ሥር፣ ከፀሐይ በተጋረደው ቦታ፣ ተቀመጡ። የሱቁ በር ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነበር።

ያን ጊዜ ገዳሪፍ ከተማ ውስጥ የተራበ ሰው በየመንገዱ ነበር፤ የእኛው ሰው ነው፣ ከካምፕ በእግሩ የመጣ። ጠባቂ የሌለው ዳቦ ከመደርደሪያ ላይ ሲያዩ ምን ያድርጉ? ወሰዱት። ሁሉንም ወሰዱት። ለዳቦው ያን ቀንም አላዘንኩም፣ ዛሬም አላዝንም፤ ደግ አደረጉ።

ባለፉርኑ ከሶላት ሲመለስ ሱቁ ክፍት፣ መደርደሪያው ባዶ። በጩኸት ወደ ግቢው ገባ።

«ዱካኑን ይዝጉ አላልኩዎትም?» አላቸው።

«ዘጋሁት እኮ» አሉ አማቴ፤ ጣታቸውን ወደ ላይ፣ ወደ ቱቦው ቀስረው። «ፍሙ እንደ ጉድ ሲግም ነው የዘጋሁት።»

ሰውየው ቀና ብሎ አየ። ክዳኑ ተዘግቷል፤ ከቱቦው ክር የምታህል ጭስ አትወጣም። ስለ ዳቦው የጀመረውን ተወው።

«ልጅቱስ?»

«ተኝታለች። እንቅልፍ ጥሏታል።»

እንግዲህ እንቅልፍ ብለው ነው። ቀደም ብለው በበሩ ብቅ ብለው አይተውኝ ነበር አሉ፤ ፊቴ ቀልቶ፣ ወዝቼ፣ ድብን ብዬ ተኝቼ ሲያዩኝ አርፋለች ብለው ተመለሱ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያሳርፉኝ ብለው ማለት ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ፀሐይ ላይ ተኝተሻል ብለው በእግራቸው ይቀሰቅሱኝ ነበር። ሰውየው ሽቦውን በጥሶ ክዳኑን ለቀቀውና ወደ ክፍሏ ዘሎ ገባ። እሱ ብብቴን፣ አማቴ እግሬን ይዘው ጎትተው ግቢው ውስጥ አወጡኝ።

መጀመሪያ የሰማሁት የአማቴን ድምፅ ነው። ሞቼም ተከተሉኝ ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ራሴ ለሁለት የተሰነጠቀ መሰለኝ፤ ያለኝን ሁሉ አስታወክሁ፤ እግሬ የእኔ አልነበረም። ዳያዋ መጥታ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ታራግብልኛለች። ባለፉርኑ በሩቁ ቆሞ ላ ኢላሃ ኢለላህ ይላል። ቀስ በቀስ የሆነውን ከንግግራቸው ለቀምኩት። ዱካን፣ ዱኻን፣ ክዳን። ሲገባኝ እጄ ወደ ሆዴ ሄደ።

ልጁ ዝም ብሏል። ከማለዳ ጀምሮ ሲላወስ የነበረው ልጅ ዝም ብሏል። ሆዴን ጫንኩት፣ ወዘወዝኩት፣ በጎኔ ተገለበጥኩ። ምንም የለም። ዳያዋ ቀንድ የመሰለች የእንጨት መስሚያዋን ከቤቷ አምጥታ ሆዴ ላይ ደገፈቻትና ጆሮዋን ሰጠች። አዳመጠች፣ ቦታ ቀየረች፣ አዳመጠች። አለ አላለች፣ የለም አላለች። «ኢስብሪ» አለችኝ፤ ታገሺ ማለቷ ነው። እንዲህ የሚባለው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። እኛም አገር ታገሺ የሚባለው ያኔ ነው።

አማቴ ራቅ ብለው መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል። ነጠላቸው ወድቆ አላነሱትም። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ስለ መጀመሪያዋ ልጄ አፌን ይዤ ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ግን ለቀቅኩት።

«ደስ አለዎት?» አልኳቸው። «የመጀመሪያዋን በአፍዎ ቀበሯት፤ ይህን ደግሞ በእጅዎ።»

ባለፉርኑ አንገቱን ደፋ። ዳያዋ አማርኛ ባትሰማም እጇ ከማራገብ ቆመ። አማቴ ይመልሱልኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ለዚያ ለሚመልሱት ደግሞ ሌላ የባሰ አዘጋጅቼ ነበር። ለእያንዳንዷ ቃሌ ሁለት ቃል የነበራቸው ሴትዮ አንድ አጡ። ያ ዝምታቸው ልቤን ያራራው እንዳይመስላችሁ፤ አላራራውም። ከሞተ እገድላቸዋለሁ ብዬ ነው ያሰብኩት። በምን እንደምገድላቸው እንኳ አላውቅም፤ እጄን ማንሳት አቅቶኝ ነበር።

ጥላው ከራኩባው ሥር እየተሳበ ወጣ። አንድ ሰው ወተት አምጥቶ ጠጪ አለኝ፤ አልጠጣሁም። ዳያዋ ደግማ አዳመጠች፤ ደግማ «ኢስብሪ» አለች። ልጄ በዚያች ግራር ሥር ስትቀበር የነበረው ሁሉ መጣብኝ። ይህኛውስ የት ነው የሚቀበረው፣ ማንስ ይቆፍርለታል፣ አባቱ ቁረይሻ ነው እያልኩ አለቀስኩ። ጮኼ ነው ያለቀስኩት።

ያኔ አማቴ ተነሱ። በእግራቸው አልመጡም፤ መሬቱን እየዳሁ፣ በጉልበታቸው ነው የመጡት። አጠገቤ ደርሰው እጃቸውን ሲዘረጉ አየሁ። ሽቦውን የሳበው እጅ ነው፤ ጣቶቻቸው ላይ ጥቀርሻ አለ።

«አይንኩኝ» አልኳቸው።

«አንቺን ማን ነካሽ» አሉኝ። እጃቸውን ሆዴ ላይ አኖሩት። ልጃቸው ካገባኝ ጀምሮ እስከዚያ ቀን ድረስ በእጃቸው ነክተውኝ አያውቁም። ልገፋቸው ፈለግሁ፤ ክንዴ አልታዘዘኝም። ዓይናቸውን ጨፍነው ማርያም፣ ማርያም ይላሉ። እኔም በልቤ ያንኑ ስም እጠራ ነበር፤ ከእሳቸው ጋር አብሬ መጥራቴ እያናደደኝ።

ከዚያ እጃቸው ሥር ሆዴ ተነሳ። አንድ ጊዜ፣ በኃይል። መዳፋቸው ከላዬ ተፈናጥሮ ሲመለስ አየሁት። ዓይናቸውን ገልጠው እኔን አዩኝ፤ እንባቸው ፊታቸውን በነካው ጥቀርሻ ላይ መንገድ እያወጣ ይወርዳል።

«ረገጠኝ» አሉ።

«ድገማቸው» አልኩት በሆዴ። ደገማቸው።